የሕግ ሰው፤ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ

ከክፍላችን ተማሪዎች ብዙዎቹ ሕግ ለመማር ስለሚመኙ፣ በዚህ የበዓል መጽሔት ሕግ ተምረው እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት የደረሱትን የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን ታሪክ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

አክሊሉ በ1904 ዓ.ም. ከካህን አባት ተወለዱ። በእስክንድርያ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግረው የሕግን ትምህርት ቀሰሙ። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ገና የ23 ዓመት ጎልማሳ ሳሉ፣ በፓሪስ በነበረው የኢትዮጵያ ለጋሲዮን ያገለግሉ ነበር። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስለ ነበረች፣ የማኅበሩ ውል ሊጠብቃት ይገባ ነበር። ወራሪው ግን በመርዝ ጋዝ መጣ፤ ውሉን የፈረሙትም ዝም አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ በሕግ ተስፋ በቈረጠ ነበር። እርሳቸው ግን አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሆነው ያንኑ መንገድ ያዙ። በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በተፈረመበት በሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ ተገኙ። ቀጥሎም በፓሪስ የሰላም ጉባኤ የአገራቸውን ጉዳይ ተከራከሩ። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍልና የዘረፈቻቸውንም ቅርሶች እንድትመልስ ተወሰነ። የአክሱም ሐውልት ወደ ቦታው የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ የውል ቃል ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው እንገረማለን። በ1943 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ የወሰነውም ከብዙ ክርክራቸው በኋላ ነው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወንድማቸው መኰንን ሀብተ ወልድ ተገደሉ። በዚያው ዓመት አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስም በዚሁ ሥልጣን ቈዩ።

ስለዚህ ዘመን ስንጽፍ እውነቱን መሸፈን አይገባንም። ያን ጊዜ አውራጃችን ከምባታና ሐዲያ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሲሆን፣ ብዙ ገበሬ የባለመሬት ጭሰኛ ነበር። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ብለው ሰልፍ ወጡ፤ የመሬት ይዞታ ሚኒስቴርም ተቋቋመ። ነገር ግን የጭሰኛውን መብት የሚያስከብረው ረቂቅ ሕግ ከፓርላማ ሳይወጣ ቀረ። በወሎም ረኀብ ሲጠና መንግሥት ደብቆ ያዘው። የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ እንደ ነበረ እናውቃለን፤ ሆኖም በዓለም ጉባኤ ፊት ስለ ፍትሕ የተከራከሩት ሰው፣ ለጭሰኛው ይህን ያህል አልተከራከሩለትም ብንል የበደልናቸው አይመስለንም።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀቁ፤ በኋላም ታሰሩ። የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ሲጠይቃቸው፣ እስረኛ ሆነው የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ ጻፉ። ምርመራው ግን እስከ ፍርድ አልደረሰም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ስድሳ ከሚሆኑ ባለሥልጣናትና መኰንኖች ጋር ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በጥይት አስገደላቸው። በእስር ቤት የጻፉት ማስታወሻ ከብዙ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ።