ኦም የሰው ስም ነው

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች አምዳችን የጆርጅ ሳይመን ኦምን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። እውነቱን ለመናገር ኦም የሬዚስታንስ መለኪያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሰው ስም ነው! እሱን የመረጥኩት እቤታችን በደረሰ ነገር ምክንያት ነው፤ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ኦም እ.ኤ.አ. በ1789 በጀርመን፣ ኤርላንገን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። በራሳቸው ጥረት ሒሳብ አጥንተው ልጆቻቸውን ያስተምሩ ነበር። እናቱ ግን ገና የ10 ዓመት ልጅ እያለ ሞቱበት። በ16 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ እዚያ ግን ጭፈራና ጨዋታ አበዛ። አባቱ በጣም ተቆጡ። ትምህርቱን አቋርጦ ስዊዘርላንድ ሄደና አስተማሪ ሆነ። በኋላ ተመልሶ በ1811 ዶክትሬቱን አገኘ።

ከዚያ ኮሎኝ ከተማ ሒሳብና ፊዚክስ እያስተማረ ሙከራ ጀመረ። ርዝመታቸው የተለያየ ሽቦዎችን እየቀያየረ በውስጣቸው የሚያልፈውን ከረንት ለካ። የመጀመሪያው ባትሪ ጉልበቱ ከፍ ዝቅ እያለ አስቸገረው። ተስፋ ግን አልቆረጠም። ቢስሙዝና መዳብ አገናኝቶ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ሲያደርግ የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ አገኘ። በመጨረሻም ቮልቴጅ ሲጨምር ከረንትም በዚያው ልክ እንደሚጨምር፣ ሬዚስታንስ (ሽቦው የሚፈጥረው እንቅፋት) ሲጨምር ግን ከረንት እንደሚቀንስ ደረሰበት። ስለዚህ ቮልቴጅን ለከረንት ስናካፍል ሬዚስታንስን እናገኛለን።

በ1827 ይህንን በመጽሐፍ አወጣ። ብዙ የአገሩ ምሁራን ግን አልተቀበሉትም። አዝኖ ሥራውን ለቀቀ። በ1841፣ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1854 ሙኒክ ከተማ ሞተ። በ1881 ፓሪስ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች የሬዚስታንስ መለኪያው በስሙ እንዲጠራ ወሰኑ። እሱ ግን ይህን ሳያይ ነው የሞተው።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልመለስ። ባለፈው ወር እናቴ ምድጃ ላይ ወጥ እየሠራች እኔ ዩኒፎርሜን ለመተኮስ ካውያውን እዚያው ማከፋፈያ ላይ ሰካሁት። ትንሽ ቆይቶ ማከፋፈያው ቀለጠ። ታናሽ እህቴ አጠገቡ ተኝታ ነበር። እናቴ ሽታው ባይሸታት ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይጨንቀኛል።

ማታ ደብተሬን አውጥቼ አሰላሁት። ፓወር ማለት ቮልቴጅ ሲባዛ በከረንት ነው። ምድጃው 2200 ዋት ነው፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 10 አምፒር ይሆናል። ሬዚስታንሱ 220 ሲካፈል ለ10፣ 22 ኦም ማለት ነው። ካውያው 1100 ዋት ስለሆነ 5 አምፒር ይወስዳል። ሁለቱ ሲደመሩ 15 አምፒር። ማከፋፈያው ላይ የተጻፈው ግን 10 አምፒር ብቻ ነበር! ቀድሜ ባሰላ ኖሮ አልሰካውም ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ዛሬ እቤት ስትገቡ ማከፋፈያችሁን መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት፤ ከዚያ ገልብጣችሁ ስንት አምፒር እንደሚል አንብቡና ደምሩ። ማካፈልና መደመር ከቻላችሁ ይበቃል። በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!