የአባ ሰንጋን ምሥጢር የገለጡት ሐኪም

በሐዲያና በከምባታ ምድር ከብት ሲሞት ጉዳቱ በበሬውና በወተቱ ብቻ አያበቃም። ፍግ ሲጠፋ የጓሮው እንሰት ይኮሰምናል፤ የቤተሰቡም ቆጮ ያንሳል። ስለዚህ ከብትን በድንገት የሚገድለውን የአባ ሰንጋን በሽታ መነሻ የገለጡትን የዶክተር ሮበርት ኮህን ታሪክ ማወቅ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ይጠቅማል።

ዶክተር ኮህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. ክላውስታል በተባለች የጀርመን የማዕድን ከተማ ተወለዱ። በ1866 በሕክምና ተመርቀው፣ በ1872 ቮልሽታይን በተባለች ወረዳ የመንግሥት ሐኪም ሆኑ። በዚያም አባ ሰንጋ የገበሬውን ከብት ይፈጅ ነበር። ሐኪሙ ላቦራቶሪ ስላልነበራቸው ባለቤታቸው በሰጧቸው ማይክሮስኮፕ በመኖሪያ ቤታቸው ምርምር ጀመሩ።

በበሽታው ከሞቱ ከብቶች ጣፊያ የወሰዱትን ደም በእንጨት ስንጣሪ ወደ አይጦች አስገቡ፤ አይጦቹም ሞቱ። የጤነኛ ከብት ደም የገባባቸው ግን በሕይወት ቆዩ። ቀጥሎም ተሕዋሲያኑን ከበሬ ዓይን በተወሰደ ፈሳሽ ውስጥ አራቡ። ተሕዋሲያኑ ሁኔታ ሲከፋባቸው እንደ ደረቅ ዘር ሆነው እንደሚቆዩና ሲመቻቸው እንደገና እንደሚያንሰራሩ ተመለከቱ። በ1876 ውጤቱን ባሳተሙ ጊዜ አንድ ተሕዋሲ አንድን በሽታ እንደሚያመጣ በማስረጃ ተረጋገጠ።

በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋሲ አገኙ፤ በ1905ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሆኖም ከስህተት አልዳኑም። በ1890 ለነቀርሳ ፈውስ ነው ያሉት ቱበርኩሊን ሕሙማንን አላዳነም፤ በኋላ ግን ከብት በነቀርሳ መያዙን መመርመሪያ ሆነ። በ1901ም የከብት ነቀርሳ ለሰው እምብዛም እንደማያሰጋ ቢናገሩም፣ ጥሬ ወተት በሽታውን ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ ተረጋግጧል። ዶክተር ኮህ በ1910 አረፉ።

ከሥራቸው የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣው ከብት መታረድም፣ መገፈፍም፣ ሥጋው መከፋፈልም የለበትም። በድኑ ሲከፈት ተሕዋሲው አየር አግኝቶ ወደዚያ ጠንካራ ዘር ይለወጣል፤ በአፈሩም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። የበሬውን ዋጋ በሥጋው ለማካካስ ለሚያስብ ባለቤት ነገሩ መራራ ነው። ቢሆንም የማኅበሩ መሪ ሰዉንና ከብቱን ከበድኑ አርቆ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይገባዋል። ባለሙያው ከሚወስዳት ጠብታ ደም ምርመራው ይፈጸማል፤ በድኑም ሳይከፈት ይቃጠላል ወይም በጥልቀት ይቀበራል።