በአሻንጉሊት ሬሳ መርማሪ ፖሊስ ያስተማረችው ሴት

የአሻንጉሊት ቤት ሲባል ትዝ የሚላችሁ የሕፃናት ጨዋታ ነው አይደል? ፍራንሰስ ግሌስነር ሊ የሠራቻቸው ቤቶች ውስጥ ግን የተኙት አሻንጉሊቶች ሬሳዎች ናቸው።

ፍራንሰስ እ.ኤ.አ. በ1878 ቺካጎ ተወለደች። ቤተሰቧ በእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ የከበረ ነው። ወንድሟ ሃርቫርድ ገባ፤ እሷ ግን ሴት ናትና ቤት ቀረች። አገባች፣ ሦስት ልጆች ወለደች፣ ተፋታች። የምትወደውን ሥራ የጀመረችው ዕድሜዋ 50 ካለፈ በኋላ ነው።

መንገዱን ያሳያት የወንድሟ ጓደኛ፣ የቦስተኑ የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ጆርጅ ማግራዝ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሞት መንስኤን የሚወስነው ሰው ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም፤ በምርጫ ነው ወንበሩን የሚይዘው። ፖሊሱም ደም ረግጦ ይገባል፣ ሬሳውን ያገላብጣል፣ ማስረጃው ድራሹ ይጠፋል። ገዳይ ያመልጣል፣ ንጹሕ ሰው ይታሰራል።

ሴትዮዋ ገንዘቧን አፍስሳ ሃርቫርድ ውስጥ የሕግ ሕክምና ትምህርት ክፍል እንዲከፈት አደረገች። በ1940ዎቹ ደግሞ ቤቶቹን ጀመረች፤ ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 12 ጊዜ ያነሰ። ጥቃቅኑን ካልሲ ሳይቀር ራሷ ነች የሠራችው!

ጉዱ ያለው ግን የአሻንጉሊቶቹ ቆዳ ላይ ነው። ልብ ስትቆም ደም መዞሩን ያቆምና እንደማንኛውም ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ መሬት የዞረው የሰውነት ክፍል ወይን ጠጅ ይመስላል፤ ከሰዓታት በኋላ ቀለሙ እዚያው ይረጋል። እንግዲህ በጀርባው ተንጋሎ የተገኘ ሰው የጠቆረው ደረቱ ከሆነ፣ ከሞተ በኋላ የሆነ ሰው ገልብጦታል ማለት ነው።

መድረቁም አለ። ከመንጋጋ አካባቢ ይጀምርና በ12 ሰዓት ገደማ መላ ሰውነት ይገተራል፣ ኋላ መልሶ ይላላል። ሙቀት ያፈጥነዋል። በአንዱ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ገንዳ ውስጥ ወድቃ ቧንቧው ፊቷ ላይ ይፈሳል፤ እግሮቿ ግን አየር ላይ ተገትረው ቀርተዋል። ውሃ የያዘው ገንዳ ውስጥ የሞተ ሰው እግር እንዲህ ይቆማል?

ሌላዋ ፊቷ ቀላ ብሎ ጤነኛ ትመስላለች። የካርቦን ሞኖክሳይድ ምልክት ነው፤ እኛ አገር በተዘጋ ቤት ከሰል አስገብቶ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ።

ፖሊሶች ከ1945 ጀምሮ በእነዚህ ቤቶች ተማሩ። እሷም በ1943 የኒው ሃምፕሻየር ፖሊስ የሻምበልነት ማዕረግ ሰጥቷታል። በ1962 በ83 ዓመቷ አረፈች። 18ቱ ቤቶች ዛሬም ባልቲሞር ውስጥ መርማሪ ያሠለጥናሉ፤ ለዚህም ነው መልሶቻቸው ለሕዝብ የማይነገሩት። የገንዳዋ ሴትዮም እንደዚያው።