ከሰሌዳ ሥራ የተነሣው ሠዓሊ ኤድዋርድ ሂክስ

በሥዕል ስሙ የታወቀ ሰው ሁሉ ከታላቅ የሥዕል ትምህርት ቤት የወጣ ይመስለን ይሆናል። የአሜሪካው ኤድዋርድ ሂክስ ግን የወጣው ከሠረገላ ሠሪዎች ቤት ነው። ዛሬ ሥዕሎቹ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ይታያሉ፤ በሕይወቱ ሳለ ግን እንጀራውን ያገኝ የነበረው በሠረገላና በማስታወቂያ ሰሌዳ ቀቢነት ነው።

ሂክስ በ1780 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በፔንሲልቫኒያ ባክስ በተባለው አውራጃ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ስለ ሞተችበት አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ አሳደገው። በ13 ዓመቱም ሙያ እንዲማር ለሠረገላ ሠሪዎች ተሰጠ። በ1803 ዓ.ም. ኩዌከር በሚባለው የክርስቲያን ማኅበር ገባ፤ በዚያው ዓመትም ትዳር ያዘ። በ1811 ዓ.ም. ወደ ኒውታውን ከተማ ተዛውሮ ሠረገላ፥ የቤት ዕቃና የማስታወቂያ ሰሌዳ መቀባቱን ቀጠለ።

በዚያን ዘመን መንገደኛው የእንግዳ ማረፊያውን ከሩቅ የሚለየው በደጁ በተሰቀለው ሥዕል ነበር። ትልቅ ሰሌዳ ደግሞ ከአንድ ሳንቃ አይወጣም። ስለዚህ የሳንቃዎቹ ጠርዝ ሲገጣጠም ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ በመላጊያ ይስተካከላል፤ ከዚያም በኮላ ይጣበቃል። ነገር ግን እንጨት ዝናብ ሲመታው በወርዱ ያብጣል፤ ፀሐይ ሲያገኘውም ይኰማተራል። ዙሪያውን በምስማር አጥብቀው ቢይዙት ይሰነጠቃል። ብልህ አናጢ ግን በማቀፊያው እንጨት ውስጥ ቦይ ቈፍሮ የሰሌዳውን ጠርዝ ያለ ኮላ ያስገባዋል፤ ጥቂትም መላወሻ ይተውለታል። በመጨረሻም በተልባ ዘይት የተበጠበጠ ቀለም በሁለቱም ፊት ይቀባል፤ አንዱ ፊት ብቻ ቢቀባ እርጥበቱ እኩል ስለማይሆን ሰሌዳው ይጣመማል።

ሂክስን ያስጨነቀው ግን የእንጨቱ ጠባይ አልነበረም። በማኅበሩ ውስጥ ሰባኪ ሆኖ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የኩዌከር ሰባኪ ደግሞ ደመወዝ አልነበረውም። ኩዌከሮች በአለባበስም በቤት ዕቃም ጌጥን የሚንቁ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ ሰባኪያቸው በደማቅ ቀለም ሰሌዳ ማስጌጡ አንዳንዶቹን አላስደሰታቸውም። እርሱም ኅሊናው ስለ ወቀሰው ቀለሙን ትቶ እርሻ ጀመረ። እርሻው ግን አልሆነለትም፤ ዕዳ ውስጥ ገባ። የልጆች አባት ነበረና ወደሚያውቀው ሙያ ተመለሰ። ከሥራዎቹም አንዱ ዋሽንግተን በ1776 ዓ.ም. የዴላዌርን ወንዝ በተሻገረበት ስፍራ ለተሠራው ድልድይ የሣለው ሰሌዳ ነው። ድልድዩን በ1841 ዓ.ም. ጐርፍ ወሰደው።

በ1820 ዓ.ም. ገደማ ስሙን ያስጠራለትን ሥዕል ጀመረ። አሳቡን የወሰደው ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ነው፤ ተኵላው ከበግ ጠቦት ጋራ፥ ነብሩም ከፍየል ግልገል ጋራ በሰላም ሲያርፉ፥ ትንሽ ልጅም ሲመራቸው ይታያል። በብዙዎቹም ላይ በስተኋላ የፔንሲልቫኒያው መሥራች ዊልያም ፔን ከአገሩ ተወላጆች ጋራ የሰላም ውል ሲዋዋል ሥሎታል። ይህንኑ አሳብ እየመላለሰ ከ60 ጊዜ በላይ ሣለው።

ዳሩ ግን ሰላምን እየሣለ ሳለ በ1827 ዓ.ም. የገዛ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ከአንደኛው ወገን ፊት የቆመው ሰባኪ ኤልያስ ሂክስ ዘመዱ ስለ ነበረ፥ ኤድዋርድም ከእርሱ ጋራ ወገነ፤ በጠቡም ውስጥ ዝም ብሎ ተመልካች አልነበረም። ከአራዊቱ አጠገብ የተሰነጠቀ የዛፍ ግንድ የሚታይባቸው ሥዕሎች አሉት፤ የሥነ ጥበብ ሊቃውንትም ያንን ግንድ የመለያየቱ ምልክት ነው ብለው ይተረጕሙታል።

ሂክስ ነሐሴ 23 ቀን 1849 ዓ.ም. በኒውታውን ዐረፈ። የሰላሙን ሥዕል እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ አልተወውም ነበር።

ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ ዝቅ ተደርጎ የታየው የእጅ ሥራ ዕዳውንም ቤቱንም ስብከቱንም መሸከሙ ነው። ሁለተኛው ከሳንቃው የምንማረው ነው፤ ብዙ ሆነው አንድ ሰሌዳ የሆኑት ሳንቃዎች ዝናቡንና ፀሐዩን አብረው የሚችሉት፥ አናጢው ለመላወሻ የሚሆን ቦታ ሲተውላቸው ነው። የሰው ማኅበርም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።