መዳቡን አድኖ መርከቡን ያዘገየው ሰው

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ከኬሚስትሪ ጋር ከተለያየን ቆይተናል። ባለፈው ክረምት ጣሪያችን አፍስሶ ቆርቆሮ ልንቀይር ስንል ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ቆርቆሮ የምንለው ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ልባጩ ቢጫር እንኳ ዚንኩ ራሱ እየተበላ አጠገቡ ያለውን ብረት ከዝገት ያተርፈዋል። ይህን ማን አሰበው ብዬ ስከታተል ሃምፍሪ ዴቪ ጋ ደረስኩ።

ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1778 በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፔንዛንስ ተወለደ። አባቱ ዕዳ ትቶ ሲሞት ልጁ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። ዩኒቨርሲቲ አልተማረም። በ1807 በኤሌክትሪክ ፖታሲየምንና ሶዲየምን ለይቶ አወጣ፤ በ1815 ደግሞ ለከሰል ማዕድን ሠራተኞች ጋዙን የማያቀጣጥል መብራት ሠራ። ፓተንት አላወጣበትም (እዚህ ጋ ውስጤ ያለው ኢኮኖሚስት አጉረምርሟል)።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነው። የእንግሊዝ ባህር ኃይል የእንጨት መርከቦቹን ሆድ በመዳብ ያለብስ ነበር፤ ጨዋማው ውሃ ደግሞ መዳቡን እየበላ አስቸገረ። ዴቪ ነገሩን እንደ ባትሪ አየው፦ ሁለት ብረቶች ተነካክተው ጨው ውሃ ውስጥ ሲገቡ አንዱ ይበላል፣ ሌላው ይተርፋል። ስለዚህ መዳቡ ላይ ትንሽ ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝ መዳቡ እንደማይነካ አስቀድሞ ተነበየ። በ1824 ፖርትስመዝ ወደብ ላይ ሞከረው። የተያያዘው ብረት ከመዳቡ ስፋት ከ40 አንድ እስከ 150 አንድ ሲሆን መዳቡ ምንም አልተበላም።

ትንበያው ልክ ነበር። መርከቦቹ ግን ዘገዩ! ለካ ቀስ እያለ የሚሟሟው መዳብ መርዝ ሆኖ የባህር አረምና ዛጎል ለባሽ ፍጥረታትን ያርቅ ኖሯል። መዳቡ መሟሟት ሲያቆም እነሱ ሆዱ ላይ ተለጠፉ። ባህር ኃይሉም መከላከያው እንዲነሳ አዘዘ፤ በሮያል ሶሳይቲው ፕሬዚዳንት ላይም ትችት ወረደ። እንደኔ ስህተቱ የሳይንስ አልነበረም። ዴቪ የቆጠረው የመዳቡን ኪሳራ ነው፤ ባህር ኃይሉ የሚፈልገው ፈጣን መርከብ ነበር። አንዱን ወጪ ብቻ ይዞ ማስላት እኛም ክፍል ውስጥ ስንቴ ነጥብ ያስቀነሰን ነገር ነው።

ዴቪ ጤናው ታውኮ በ1827 ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቀ፤ በ1829 በ50 ዓመቱ ጄኔቭ ላይ አረፈ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1928 ሮበርት ኩን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የተቀበረ የጋዝ ቧንቧን በኤሌክትሪክ ከዝገት መከላከል ጀመረ። ዛሬ ባህር ላይ የቆሙ የነዳጅ ማውጫዎች እግራቸው ላይ የአሉሚኒየም ወይም የዚንክ ጉማጅ ይታሰርላቸዋል። መሐንዲሶቹ በዓመት ስንት ኪሎ እንደሚበላ አስልተው ለስንት ዓመት እንደሚበቃ ቀድመው ይወስናሉ። ማውጫው የትም ስለማይሄድ ዛጎል ቢለጠፍበት ፍጥነት አይቀንስም። የቧንቧው ውስጥ ግን ሌላ ጣጣ ነው፦ ከነዳጁ ጋር የሚወጣው ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አሟሙቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ውጭ የታሰረው ዚንክ እዚያ አይደርስም።