ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብን ያቆመው የመጀመሪያው ትውልድ አባል፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መሥራች፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን የወሰደው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ፣ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ደግሞ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በኢትዮጵያ ብዙዎች የዘመናዊ ስፖርት አባት ይሏቸዋል። በአህጉሩ ስማቸው የሚነሳው ከሁሉ በላይ አፍሪካ በዓለም እግር ኳስ እኩል ቦታ እንድታገኝና ዘረኛው የደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ከስፖርት እንዲገለል ባደረጉት ትግል ነው። ስፖርትን ከመዝናኛነት ይልቅ ወጣት የሚታነጽበት ትምህርት ቤት አድርገው ያዩት ነበር።

ልደትና ትምህርት

ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔና በዜማ የታወቁ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው በዚያ ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሲሆን፣ ይህ ሥራ ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ይቆጠራል።

ልጁ ያደጉትና የተማሩት ግን በአዲስ አበባ ነው። የገቡበት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ በዘመናዊ ትምህርት ቀዳሚ ከሆኑት የአገሪቱ ተቋማት አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን እግር ኳስ በከተማዋ አዲስ ጨዋታ ነበር። የውጭ አገር ማኅበረሰቦች፣ በተለይ አርመኖች፣ ግሪኮችና ጣሊያኖች፣ የየራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ይጫወቱ ነበር። የሐበሻ ልጆች ግን በአብዛኛው በየሰፈሩ ሜዳ የጨርቅ ኳስ ያንከባልሉ ነበር እንጂ የተደራጀ ክለብ አልነበራቸውም።

ይህ የተለወጠው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በአራዳ ሰፈር ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብን ሲመሠርቱ ነው። ክለቡ ስያሜውን ያገኘው ከአራዳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይድነቃቸው ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ክለቡን ገና በጉርምስና ዕድሜያቸው ተቀላቅለው ከ20 ዓመት በላይ ማሊያውን ለብሰዋል።

በወረራው ዘመን

ክለቡ ከተመሠረተ ወራት ሳይቆዩ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ አገዛዙ የዘር ልዩነትን በሕግ ደነገገ። በመኖሪያ ሰፈር፣ በመጓጓዣና በመዝናኛ ቦታ ነጩና ጥቁሩ ተለያየ። እግር ኳስም አልቀረለትም፤ የአገሬው ተወላጅ ከነጮች ጋር በአንድ ሜዳ መጋጠም ስላልተፈቀደለት ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ ተደረገ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ተፍቆ ቡድኑ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ።

ይድነቃቸው ከልጅነት ወደ ጉልምስና የተሸጋገሩት በእነዚህ ዓመታት ነው። ቡድኑ ስሙን ቢነጠቅም አልተበተነም፤ ወጣቶቹ ተሰባስበው መጫወታቸውን ቀጠሉ። በኋለኛው ዘመን በዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ላይ በቆዳ ቀለም የተከፋፈለ ቡድን ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ይድነቃቸው የሚናገሩት በመጽሐፍ ስላነበቡት ነገር አልነበረም።

ተጫዋችና አደራጅ

ከነጻነት በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ የቀደመ ስሙን መለሰ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች ቡድኖች የተሳተፉበት የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ። ጊዮርጊስ ኢትዮጵያውያንን ወክሎ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ተወዳደረ። ዋንጫውን የወሰደው የብሪታንያው ቡድን ነበር። ጊዮርጊስ የአገሪቱን ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1942 ዓ.ም. ነው።

ይድነቃቸው በሜዳ ላይ አጥቂ፣ ከሜዳ ውጭ ደግሞ አደራጅ ነበሩ። የአገሪቱ የስፖርት ጽሕፈት ቤትና የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋሙ ከዋና አንቀሳቃሾቹ አንዱ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) አባል እንድትሆንም ሠርተዋል። ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ያደረገው በኅዳር 1940 ዓ.ም. ሲሆን፣ የፈረንሳይ ሶማሌላንድን (የዛሬዋን ጂቡቲ) 5 ለ 0 አሸንፏል።

በዚያ ዘመን ኳስ ተጫውቶ መኖር የሚባል ነገር አልነበረም። ተጫዋቹ ወይ ተማሪ፣ ወይ ወታደር፣ ወይ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ክለቦቹም የተቋቋሙት በጦር ሠራዊት፣ በክብር ዘበኛ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ በክለቡ ውስጥ ከኳሱ ጋር የሥራ ሰዓት ማክበርን፣ ለአምበልና ለዳኛ መታዘዝን፣ ተቀያሪ ሆኖ ያለ ቅሬታ ተራን መጠበቅን ይማር ነበር። ይድነቃቸው ራሳቸው ያለፉበት መንገድ ይኸው ነው፤ አሰልጣኝና መሪ ሲሆኑም ከተጫዋቾቻቸው የጠበቁት ይህንኑ ነበር።

የካፍ መመሥረት

በ1948 ዓ.ም. በሊዝበን በተደረገው የፊፋ ጉባኤ ላይ የአፍሪካ ተወካዮች አህጉራዊ ድርጅት ለማቋቋም ተነጋገሩ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ካፍ ሲመሠረት ኢትዮጵያን የወከሉት ይድነቃቸው ነበሩ።

ገና የመጀመሪያው ውድድር ሳይጀመር ጥያቄ ተነሳ። የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበት ቡድን እንደማይልክ አስታወቀ። ሌሎቹ መሥራቾች ይህን ስላልተቀበሉት ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አዲሱ ድርጅት አራት አባላት ብቻ እያሉት አንዱን ማጣት ቀላል አልነበረም። ሆኖም ውሳኔው የካፍን አቋም ለቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ወሰነ።

የ1954ቱ ዋንጫ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተካሄደ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የአስመራ ተወላጅ ሲሆን አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ወንድሙ ኢታሎም በቡድኑ ውስጥ ነበር። ከጊዮርጊስ የመጣው ወጣቱ መንግሥቱ ወርቁ በበኩሉ ገና ስሙን በመትከል ላይ ነበር። ከ20 ዓመታት በፊት በዘር ተከፋፍሎ በነበረው ከተማ ውስጥ የተሰለፈው ይህ ቡድን ከአስመራ፣ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆችን በአንድ ማሊያ ያሰባሰበ ነበር።

ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥር 13 ቀን በተደረገው ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተገናኘች። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀድማ ብታገባም ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የኢትዮጵያ ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው ነው።

መንግሥቱ ወርቁ የተጫዋችነት ዘመኑን በጊዮርጊስ ካሳለፈ በኋላ እሱም በተራው የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆነ። ታላቁ ታናሹን እያሠለጠነ፣ ታናሹም አድጎ የሌላውን ልጅ እጅ የሚይዝበት ይህ ልማድ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ እግር ኳስ ዋና ትምህርት ቤት ሆኖ ቆይቷል።

ለአፍሪካ እኩል ቦታ

ለ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1966) የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ ሳይሰጥ ቀረ፤ የአህጉሩ አሸናፊ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር እንደገና እንዲጋጠም ወሰነ። የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው እንዲወጡ ከቀሰቀሱት መካከል ነበሩ። የአፍሪካ ቡድኖች ራሳቸውን አገለሉ። ከዚህ በኋላ ፊፋ ለአህጉሩ አንድ ቀጥተኛ ቦታ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሞሮኮ በዚህ ቦታ ሜክሲኮ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ቦታው ሁለት ሆኖ ካሜሩንና አልጄሪያ ስፔን ላይ ተሰለፉ።

በደቡብ አፍሪካ ጉዳይም ትግሉ ረጅም ነበር። ፊፋ አገሪቱን እ.ኤ.አ. በ1961 አገደ፣ በ1963 እገዳውን አነሳ፣ በ1964 በቶኪዮ ጉባኤ መልሶ አገደ፣ በመጨረሻም በ1976 በሞንትሪያል ከአባልነት አስወጣ። ይድነቃቸው በፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ በአፍሪካ የስፖርት ከፍተኛ ምክር ቤትና ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል በሆኑበት በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ውስጥ ይህን ጉዳይ ሳያሰልሱ ይዘው ቆይተዋል።

ወጣቶችን ስለማነጽ የነበራቸው አቋም

በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ከተመረጡ በኋላ ለታዳጊዎች ውድድር ትኩረት ተሰጠ። የአፍሪካ የወጣቶች ሻምፒዮና የተጀመረው በእሳቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1985 በቻይና የተካሄደውን የመጀመሪያውን ከ16 ዓመት በታች የዓለም ውድድር ስታሸንፍም ፕሬዚዳንቱ እሳቸው ነበሩ።

ይድነቃቸው ስፖርት ለንግድ ብቻ እንዳይውል አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። የአልኮልና የትምባሆ ማስታወቂያ ወጣት ከሚሰበሰብበት ሜዳ ጋር መያያዙን ይቃወሙ ነበር። የአፍሪካ ልጆች ገና ሳይበስሉ ወደ አውሮፓ ክለቦች መወሰዳቸውም ያሳስባቸው ነበር። አህጉሩ ተጫዋቾቹን በአገር ውስጥ አሳድጎ ለትልቅ ደረጃ ማብቃት ወይም ለሌሎች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆኖ መቅረት ከሚሉት ሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ አለበት የሚል አቋም ነበራቸው።

ይህ አቋም ያለ ተቃውሞ አላለፈም። በአንድ ወቅት በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን ከሁለት በላይ በውጭ የሚጫወቱ ተጫዋቾችን እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ ነበር፤ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1982 ተነስቷል። ተቺዎች ድሃ ቤተሰብ ያለው ወጣት በችሎታው እንጀራ እንዳያገኝ ማገድ ተገቢ አይደለም ይሉ ነበር። ከእሳቸው በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ የሄደው በተቺዎቹ መንገድ ነው። ሆኖም ታዳጊ ተጫዋቾች በደላሎች እየተታለሉ ባዕድ አገር ላይ ሲጣሉ ይድነቃቸው ያነሱት ጥያቄ ዛሬም ይነሳል።

ዕረፍትና ውርስ

ይድነቃቸው በ1966 ዓ.ም. አብዮት አገሪቱ መንግሥት ስትለውጥም የአህጉሩን እግር ኳስ መምራታቸውን ቀጥለዋል። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ሲያርፉ ካፍን ለ15 ዓመታት መርተው ነበር። በመንበሩ በቋሚነት የተተኩት ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ ናቸው።

በእሳቸው የወጣትነት ዘመን የኢትዮጵያ እግር ኳስ በአዲስ አበባ፣ በአስመራና በድሬዳዋ ዙሪያ የታጠረ ነበር። ከገጠር የሚመጣ ልጅ፣ ለምሳሌ ከቸሃ ወይም ከሌላው የሰባት ቤት ጉራጌ አካባቢ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚፈልስ ወጣት፣ ከተደራጀ ክለብ ጋር የሚገናኘው ዋና ከተማዋ ከደረሰ በኋላ ነበር። ዛሬ የክልል ከተሞች የራሳቸው ክለብ አላቸው። በጉራጌ ዞን ዋና ከተማ የሚገኘው ወልቂጤ ከተማ በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሏል፤ ደጋፊዎቹም ሠራተኞቹ እያሉ ይጠሩታል። የቸሃ ልጅ ትልቅ ግጥሚያ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የግድ አልሆነበትም።

ይድነቃቸው የተዉት ውርስ በዋንጫና በሥልጣን ብቻ አይለካም። በወረራ ዘመን ስሙን በተነጠቀ የሰፈር ቡድን ውስጥ ያደገ ልጅ፣ ሜዳ ላይ ሁሉም ሰው በአንድ ሕግ እንደሚዳኝ ተምሮ፣ ያንኑ ሕግ የዓለም እግር ኳስ መሪዎች እንዲያከብሩት የጠየቀበት ሕይወት ነው።