ዋንጫውን የተቀበለው የጣሊያን ወታደር ልጅ

ከሐረር ሚኒባስ ይዛችሁ፣ በአወዳይና በሐረማያ አልፋችሁ የደንገጎን ቁልቁለት ስትጨርሱ ድሬዳዋ ናት። ያኔ ሁለቱም ከተሞች ሐረርጌ ነበሩ። ኢትዮጵያ ለአንዴ ብቻ የአፍሪካ ዋንጫ ስትወስድ አምበሏ የነበረው ሰውም በዚሁ በድሬዳዋ፣ በጥጥ ፋብሪካው ክለብ ተጫውቷል። ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል።

የተወለደው በ1927 ዓ.ም. አስመራ ነው። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ የጣሊያን ወታደር። ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረው በዓመቱ ስለሆነ የሉቺያኖ ደም ገና ከጅምሩ ጣጣ ነበረው። ለነጮቹ ጥቁር፣ ለሐበሻው ደግሞ የጠላት ልጅ። ከልጅነቱ የመካኒክ ሙያ ያዘ፤ ኳሱ ግን በለጠበት። አማካይ ሆኖ ጨዋታ ይመራል፣ ጎልም ያገባል።

ከዚያ 1954 መጣ። ውድድሩ አዲስ አበባ ላይ ነው። ቡድኑ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ ሲያልፍ አንድ ወሬ ተነሳ። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የሚቀበለው እንዴት ክልስ ይሆናል? ስሙን ወደ ሐበሻ ስም እንዲቀይር ተጠይቆ እምቢ ማለቱ ይተረካል። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማም አምበሌን አልቀይርም ብለው እንደጸኑ ይነገራል። (እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከጎሎቹ ሁሉ ይሄ ይበልጣል።)

ጥር 13 ቀን ተጋጣሚዋ ግብፅ ነበረች። ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የበላች፣ እኛንም ሁለቴ 4 ለ 0 የቀጣች ግብፅ። ቀድማ አገባች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ስታዲየሙ ሳይረጋጋ በ75ኛው ሁለተኛውን አስቆጠሩ። በቃ አለቀ ሲባል፣ በ84ኛው ደቂቃ ያ ሰው ይቀየር የተባለው አምበል 2 ለ 2 አደረጋት። በተጨማሪ ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ሉቺያኖ ተቀበለ።

በኋላ አሰልጣኝም ሆነ። በደርግ ዘመን ግን አገር ጥሎ ወጣ፤ የሄደውም የአባቱ አገር ጣሊያን ነው። ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ ወደ ጥንቱ መካኒክነቱ ተመለሰ፣ ለልጆችም ኳስ አስተማረ። ያረፈው መስከረም 6 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ አራተኛውን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁም አዲስ አበባ ላይ አረፈ።